አየር የማይወጣው ማሞቂያ

ክረምቱን ሙሉ ወደ ቁስቋም ስንወጣ በጭጋግ የሚሸፈነውን የመኪናዬን የፊት መስታወት ከውስጥ በእጄ እየወለወልኩ ነው የምነዳው። ማሞቂያውን ስከፍተው ይጮኻል እንጂ አየር አይወጣውም። መስኮት እንዳልከፍት ደግሞ እናቴ ወለተማርያም ከጎኔ አለች፤ ንፋስ ይመታታል።

ሸጎሌ ጋራዥ ያለው ሙሐዲን ችግሩን ፍለጋ ገባበት። ማራገቢያውን ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት አገኘው፤ ደህና ይሽከረከራል። ትንሿ የማሞቂያ ራዲያተር እሱ ክሩስኮት በሚለው ዳሽቦርድ ውስጥ ናት ብሎ ክሩስኮቱን በሙሉ ነቀለው። እሷም ደህና ትፋጃለች። እኔ ሦስት ቀን በታክሲ ተመላለስኩ።

በአራተኛው ቀን ክሩስኮቱን ገልብጦ ሲያየው የአየር መውጫዎቹ በሙሉ፣ የመስታወቱ ሥር ሳይቀር፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅጥቀዋል። ጥለቱን አወቅኩት።

ቁራጮቹን ይዤ ቤት ገባሁና እናቴ ፊት ዘረገፍኳቸው። ምንም አልደነገጠችም።

«መስኮት ተዘግቶም ይመታኝ ነበር» አለች። «በየት በየት እንደሚገባ አንድ በአንድ ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ያ መካኒክህ ቢጠይቀኝ በነገርኩት።»

ቁራጮቹን ሰብስባ አጠበቻቸውና ገመድ ላይ አሰጣቻቸው።

«መኪናው መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።