ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው

ቫሲቲ ቫኗን የመንገዱን ዳር አስያዘችና ሞተሩን አጠፋች።

"ምነው ቆምሽ? ገበያው እኮ ገና ነው!" አለች ሜሬያ ከኋላ፣ በካሳቫና በጎደሬ ጆንያ መሃል እንደተጣበቀች።

"ቂጤ ተቃጠለ። ውረዱ!"

ጭነታቸውን ይዘው የተሳፈሩት ሰባት ሴቶች ሳቁ እንጂ አልተከራከሩም። የሙቀት መለኪያው ከተሰበረ ሦስት ዓመቱ ነው። የዚህ ዓይነት ቫን ሞተሩ ከሾፌሩ ወንበር ስር ስለሆነ ቫሲቲ የምትለካው በመቀመጫዋ ነው፤ ተሳስታም አታውቅም። ወንበሩን ገልብጣ ስታነሳው እንፋሎቱ ፊቷን ገረፋት። እስኪበርድ ጠብቃ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዛ ከፈተችው። አፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። በጣቷ ፋቅ አደረገችና ምላሷ ላይ አስነካችው።

"ጨው ነው" አለች።

"የምን ጨው?"

"የባሕር ነዋ!"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ረቡዕ ዕለት ቫኗን ማን ወስዷት እንደዋለ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ኢሊሶኒ ነው፤ የቫሲቲ ሟች ባል የእህት ልጅ። በእነሱ ዘንድ ደግሞ ከቤቱ ሴት ልጅ የተወለደ ወንድ ከአጎቱ ቤት ያሰኘውን ያነሳል። አሳማም ይሁን ምንጣፍ፣ ቫንም ይሁን፣ ከልካይ የለውም። የከለከለችው ሴት ስሟ እስከ ልጅ ልጅ በክፉ ይነሳል። ስለዚህ የቫኗ ቁልፍ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ቫሲቲ አንድ ቀን እንኳ ደብቃው አታውቅም።

"አጥቦ፣ አበባ ሰክቶ ሲመልሳት መጠርጠር ነበረብኝ" አለች። "ያ ልጅ እኮ የገዛ እግሩንም አይታጠብ!"

ከአቅራቢያው ቤት በባልዲ ውሃ ለምነው ሞሉና እያረፉ፣ እየሞሉ ቁልቁለቱ ስር ካለው ከሱሩጅ ጋራዥ ደረሱ። ሱሩጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቺን ቫን ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ራዲያተሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ብትጨምሪ ኖሮ የሞተሩ ቴስታታ ተጣሞ ነበር። ያኔ ያለሽ ቫን ሳይሆን የዶሮ ቤት ነው።"

ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጠበው፤ የተሰነጠቀውን ቱቦ ቀየረ፤ ተርሞስታቱንም ጣለና አዲስ አስገባ። ከሠራት በኋላ ግን ቫኗ አልነሳ አለች። ሱሩጅ ጎንበስ ብሎ ከፊውዞቹ መሃል አንዲቱን ነቀለ፤ ዝጋለች።

"ይቺ ናት። ይቺ ከሌለች መኪናሽ ድንጋይ ናት፤ ብትገፊያትም አትነሳ።"

"የትኛዋ? አሳየኝ እስቲ።" ቫሲቲ ቦታዋን በደንብ አየች። ማንበብ አትችልም፤ አንዴ ያየችውን ግን አትረሳም።

አዲስ ፊውዝ ሰካና አስነሳት። ከዚያ እንደ ልማዱ እየዞረ ይቆጥር ጀመር። የውሃ ፓምፑ ያነባል። የተንሸራታቹ በር ጎማ አልቋል። የኋላ ጎማዎች ራሰ በራ ሆነዋል። መሪው ይንቀጫቀጫል። የሚቀጥለው ወር ደግሞ የቦሎ ምርመራ አለ።

"ስንት ገንዘብ እንደበላችሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሽጫት። ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው አለኝ።"

"ልጆቼም በልተውኛል። የትኛውን ሸጥኩ? ይልቅ እኔን ለመለዋወጫ የሚገዛ ካገኘህ ጥራኝ፤ ጉልበቴ አልቋል፣ ጥርሴ ግን ደህና ነው።"

ሱሩጅ ሳቀ። ቫሲቲ አልሳቀችም። ይቺ ቫን ሳትመጣ በፊት ነጋዴው በጭነት መኪና ሸለቆው ድረስ ይመጣና ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ ዋጋ ይቆርጥ ነበር። የካሳቫው አፈር ሳይራገፍ "እምቢ ካላችሁ ይበስብስባችሁ" ይላቸዋል። አሁን ራሳቸው ሲንጋቶካ ገበያ ወርደው፣ ራሳቸው ዋጋ ጠርተው ይሸጣሉ። በቫኗ ጎን የጃፓን ጽሑፍ አለ። ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ቫሲቲ "ስሜ ነው" ትላለች፤ እስከ ዛሬ የተከራከራት የለም።

ገበያ አርፍደው ደረሱ፤ ግማሹን ሸጠው ግማሹን ለነገ ይዘው ተመለሱ። ቅዳሜ ዋናው የገበያ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ቫሲቲ ቤት ሲደርሱ ኢሊሶኒ የራግቢ ኳሱን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

ቫሲቲ አየችውና ቶሎ አልወረደችም። ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ ወርዳ፣ በአጠገቡ አልፋ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች።

"አክስቴ፣ ነገ ቫኗን እፈልጋለሁ። ቡድናችን ናንዲ ከተማ ይጫወታል።"

"ነገ ቅዳሜ ነው።"

"ጨዋታውም ቅዳሜ ነው።"

"ረቡዕ ምን አጠጣሃት?"

"ውሃ።"

"የምን ውሃ?"

ኢሊሶኒ እግሩን አየ። "ፈላች። ባሕሩ ቅርብ ነበር... ውሃ ያው ውሃ ነው ብዬ።"

"እናትህ ሻይህን በባሕር ውሃ ነው የምታፈላልህ?"

ጆንያ የሚያወርዱት ሴቶች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የልጁ ፊት ጠቆረ።

"ስደቢኝ፤ ችግር የለም። ቫኗ ግን የአጎቴ ቤት ዕቃ ናት። መብቴ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ሜሬያ ያነሳችውን ጆንያ መልሳ አስቀመጠች።

"መብትህ ነው" አለች ቫሲቲ። "ማን ከለከለህ? ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው።"

ኢሊሶኒ ተፈናጥሮ ተነሳ፤ ቁልፉን ነጥቆ ቫኗ ውስጥ ገባ። አንዴ አዞረ። ሁለቴ አዞረ። ማስነሻው እየጮኸ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

"አትነሳም። ምን አደረግሻት?"

"አንዲት ፊውዝ ነቀልኩ።"

"የት አለች?"

ቫሲቲ ደረቷን መታ መታ አደረገች። "እዚህ፣ ከጡቴ መሃል። ሥርዓቱ የአጎትህን ዕቃ አንሳ ይላል፤ የአክስትህን ጡት ፈትሽ ግን አይልም። ይላል ካልክ ና፣ እነዚህ ሁሉ ሴቶች ቆመው እያዩህ አውጣት!"

ሴቶቹ መሬት እስኪቀመጡ ሳቁ። ኢሊሶኒ ወደ እነሱ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

"ነገ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ" አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ናንዲ መሄድ ከፈለግክ ጆንያ ትጭናለህ፤ ገበያውን ስንጨርስ ቡድንህን ራሴ አደርሳለሁ። መሪዋን ግን የሚይዘው ቂጡ የሚሰማው ሰው ነው።"

ልጁ ቁልፉን ዘረጋላት። ቫሲቲ አልተቀበለችውም።

"ሚስማሩ ላይ መልሰህ ስቀለው" አለችው።