ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ቅጣይ

ልጅቷ ነገሩን አላንዛዛችውም። የቤቱ ሽቦ በሙሉ ካልተቀየረ ሕፃኗን ይዛ አትገባም፤ በቃ። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ "መምህር" እያለ የሚጠራው ኤሌክትሪሺያን ነው። ይሄን ቤት የሠራሁት በራሴ እጅ ነው፣ ምንም አይሆንም ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ልጅቷ የሳሎኑን ማብሪያ ፈታ አሳየችው። የሽቦው ልባስ በጣት ሲነካ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ።

"እሱ ማብሪያው ጋ ስለሆነ ነው" አላት።

"ግድግዳው ውስጥ ያለው ወጣት ሆኖ ይጠብቀናል?" አለችው።

የቀጠረችው ሰው ማን እንደሆነ ሲሰማ ደግሞ ምሳውን አልጨረሰም። ድሮ ሲያስተምረው የነበረ፣ "ችኩሉ" ብሎ ስም ያወጣለት፣ በመጨረሻም ያባረረው ሰው ነው። ያባረረው በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ውስጥ ሽቦ ቀጥሎ፣ የሚከፈት የሽቦ መገናኛ ሳጥን ሳያደርግለት በልስን ስለደፈነው ነው። መምህር ሳምንት ሳይሞላ ደረሰበት። ቅጣይ ግድግዳ ውስጥ አይቀበርም፤ ላልቶ ቢግል ማንም አያየውም። መምህር ይህን ሕግ ለተማሪዎቹ ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ ነበር የሚነግራቸው።

ችግሩ፣ እሱ ራሱም አንድ ቀብሯል። መኝታ ቤቱ ውስጥ። ያኔ ሽቦው አንድ ክንድ አጠረው፤ ቀኑ እሑድ፣ ሱቁ ዝግ፣ ሚስቱ ደግሞ ለማታ እንግዳ ጠርታለች። ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብሎ ለሰነው፣ ቁም ሣጥንም አስጠጋበት። ያ ሰኞ እስካሁን አልመጣም። ሚስቱም ሳታውቅ አረፈች። አሁን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ መምህር መባሉም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ችኩሉ መጣ። ሸብቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ የራሱ መኪና አለው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ክፍል በክፍል መክፈት ጀመረ። መምህር ለመኝታ ቤቱ ምክንያት አላጣም። መጀመሪያ ቁልፉ ጠፋ። በማግሥቱ ወገቡን ስላመመው መተኛት ነበረበት። ሲሻለው ደግሞ ቁም ሣጥኑ ከተነካ ይሰበራል አለ። ልጅቷ ይህን ሰማችና ብቻዋን ገፋችው። አልተሰበረም።

መሮው ልስኑን ሲያነሳ መምህር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ችኩሉ መዶሻውን አቆመ። በባትሪ አየ፣ ጣቱን ከተተ፣ ወደ መምህር ግን አልዞረም።

"ምንድነው?" አለች ልጅቷ።

"አይጥ ነው እህቴ። አይጥ በልቶት ነው።"

መምህር ዳነ። ዝም ካለ ሽቦው ተነቅሎ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ስሙም እንደነበረ ይቀጥላል። ዝም ሊልም ወስኖ ነበር። አይጥ የሚለው ነገር ግን አልዋጥ አለው።

"አይጥ ቴፕ ይጠቀልላል?" አለ።

ሁለቱም ዞሩ።

"እኔ ነኝ የቀበርኩት።"

ልጅቷ አባቷን አየች፣ ከዚያ ቀዳዳውን። ችኩሉ መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"መቼ ነው ጋሼ?"

"አንተን ከማባረሬ ሁለት ወር በፊት።"

ችኩሉ ቅጣዩን ቆርጦ አወጣና መዳፉ ላይ አገላበጠው። ጥቅሉ ጥብቅ፣ ዙሩ እኩል ነው፤ ውስጡ ግን ከሰል መስሏል።

"የኔ እንኳ እንዲህ አልጠቆረም ነበር" አለ።

"ያንተ መቼ ሳምንት ሞላው?" አለ መምህር።

ችኩሉ አሰበበትና እውነት ነው አለ። ከዚያ አዲሱን ሽቦ ወደ ቱቦው እያስገባ፣ በሳሎን በኩል ጫፉን የሚስብለት ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። ልጅቷ ተነሳች።

"አንቺ አይደለሽም እህቴ" አላት።

መምህር ሳሎን ሄዶ ተንበረከከና ጫፉን ያዘ።

"ቀስ ብለው ይሳቡ ጋሼ፣ አይጎትቱት" የሚል ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ።

መምህር ለዚህ ሰው ሽቦ መሳብ ሲያስተምረው የተናገረው ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ግን "አንተ ችኩል" የሚል ይጨምርበት ነበር። ቀስ ብሎ ሳበ።