የቡርቃ ዲማ ምንጭ

ሩዋይዳ ከሊል አሰላ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ናት። በሥራ ቀን የእናቷን የጨርቅ ሱቅ ትይዛለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ለእህቷ ለሙቢና ትታ በባጃጅ ወደ ክፍል ትሮጣለች። የምትማረው የሒሳብ አያያዝ ነው። ስለዚህ ተማሪው በአጭሩ «ራይቲንግ» የሚለው የድርሰትና የጥናት ጽሑፍ ኮርስ ሲመጣባት ማረፊያ መስሏት ነበር። ቁጥር የለበትም። አንብቦ መጻፍ ምን ይከብዳል?

መምህሩ ነህምያ ወጣትና ረጋ ያለ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ነገር ግን ተማሪ አፉን በከፈተ ቁጥር «ማን አለ?» ይላል። አንዱ ተማሪ ድርሰቱን «አሰላ ብርዳማ ከተማ ናት» ብሎ ሲጀምር «ማን አለ?» አለው። ልጁ የለበሰውን ጃኬት አሳየው። «ጃኬት ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም» አለ መምህሩ። እየቀለደ አልነበረም።

የመጨረሻው ሥራ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚጻፍ የጥናት ጽሑፍ ነበር። ስለ አካባቢያቸው የሚወራ አንድ ነገር መርጠው፣ ከአምስት የማያንሱ ምንጮች አንብበው፣ የሚወራው እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር አለባቸው። ሩዋይዳ ከሌዊ ጋር ተመደበች። ሌዊ የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ተጫዋችና ለሁሉም ነገር «ችግር የለም» የሚል ልጅ ነው።

ስለ ስንዴ ዋጋ እንጻፍ ብለው ሄዱ፤ መምህሩ «ሰፊ ነው» አላቸው። ስለ ባጃጅና ጋሪ ግርግር አሉ፤ «ይኼ ምሬት እንጂ ጥያቄ አይደለም» አላቸው። በሦስተኛው ሩዋይዳ በንዴት፣ ከዲክሲስ ከተማ አጠገብ በአባቷ መንደር ያለውን ምንጭ አነሳች። ቡርቃ ዲማ ይባላል፤ በኦሮምኛ ቀይ ምንጭ ማለት ነው። ለምን ቀይ ተባለ? መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና «ይኼ ጥያቄ ነው» አለ።

ሩዋይዳ መጀመሪያ የደወለችው ለአባቷ ለሀጂ ከሊል ነው። ሀጂ ከሊል የአዝመራውን ሥራ ለመቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መንደር ነው የሚከርሙት።

«አባ፣ ቡርቃ ዲማ ለምን ቡርቃ ዲማ ተባለ?»

«መጽሔት ላይ ወጥቷል እኮ። አንብቢው» አሏትና ስለ በሬያቸው ሕመም አወሩላት።

መጽሔቱን አገኘችው። የአንድ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል መጽሔት ነው። በድሮ ዘመን አንዲት ሙሽራ በፈረስ ስትሻገር ፈረሱ ደንብሮ፣ ቀይ ሻሿ ውኃው ውስጥ ወድቆ፣ ምንጩ ሰባት ቀን ቀልቶ ፈሰሰ ይላል። ይኸው ታሪክ በአንድ ድረ ገጽ፣ በፌስቡክ፣ በሬዲዮ ዝግጅትና በአንድ የቱሪዝም በራሪ ወረቀት ላይም አለ። አምስት። ሩዋይዳ ደስ ብሏት ሙቢናን ምሳ ጋበዘች።

ሌዊ ደግሞ የድርሻውን በቴሌግራም ላከላት። ቡርቃ ዲማ ብዙ አእዋፍ የሚኖሩበት ሰፊ ሐይቅ ነው ይላል።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ስልኬ ላይ ያለው ኤአይ ጻፈልኝ።»

«ሌዊ፣ እዚያ ሐይቅ የለም። ተወልጄ ያደግሁበት ቦታ ነው።»

«አሁን ከሌለ ድሮ ሊኖር ይችላል። ችግር የለም።»

የእሱን ድርሻ ሰርዛ ራሷ ጻፈችው። ረቂቁን ቅዳሜ ለመምህሩ ስታሳየው ቆሞ አነበበውና «ጥሩ ነው። አምስቱ ግን ከየት አመጡት?» አላት።

«መምህር፣ አምስት አሉ፤ አምስት አመጣሁ።»

«አምስት ሰው አንድ ወሬ ቢያወራ አምስት ምስክር አይሆንም። እያንዳንዱን ጠይቂ።»

በባጃጅ እስክትመለስ ድረስ ጥርሷን እንደነከሰች ነበር። ሰኞ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ስልክ ስትደውል ዋለች። የድረ ገጹ ባለቤት ከፌስቡክ ነው ያገኘሁት አላት። የፌስቡኩ ሰውዬ ከመጽሔቱ፣ መጽሔቱን ያዘጋጁት መምህርና የሬዲዮው ጋዜጠኛ ደግሞ ከበራሪ ወረቀቱ ወስደዋል። በራሪ ወረቀቱን የጻፈችው ሐመልማል የምትባል ሴት ናት፤ አሁን በሌላ ሥራ ላይ ናት። ስልኳን ለማግኘት ሩዋይዳ ሳምንቱን ሙሉ ለመነች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ሐመልማል። «እዚያው መንደር አንድ ሽማግሌ ናቸው የነገሩኝ። ጨዋታ የሚያውቁ፣ ማር ያበሉኝ ሰው። ሀጂ… ሀጂ ከሊል።»

ሩዋይዳ ስልኩን ዘግታ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ መንደር ወረደች። አባቷ አጥር ሲያጠብቁ ነበር ያገኘቻቸው። ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«አባ፣ መጽሔቱ ከበራሪ ወረቀት ነው የወሰደው። ወረቀቱን የጻፈችው ሴትዮ ደግሞ ከእርስዎ ሰማሁ ትላለች።»

«አዎ፣ ጥሩ ልጅ ናት። ደህና ናት?»

«ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን መጽሔት አንብቢ አሉኝ?»

«የታተመ ነዋ። እኔ ከምናገረው የታተመው አይሻልም?»

«የታተመው እርስዎ የተናገሩት ነው!»

«እና ምን ያናድድሻል? ተስማማን ማለት ነው።»

ሩዋይዳ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «እሺ። የእርስዎ አባት ስሙ ከየት መጣ ይሉ ነበር?»

«አፈሩ ቀይ ነው። ሲዘንብ ውኃው ይቀላል። ይኼን ማን ያጣዋል?»

«ለሴትዮዋ እንዲህ ብለው አልነገሯትም።»

«ያቺ ልጅ ከአሰላ ድረስ በጭቃ መጥታ፣ አፈሩ ቀይ ነው ብዬ ልመልሳት? ያሳፍራል እኮ። የአክስትሽን የዙሀራን ሠርግ ነገርኳት። ሻሿ እውነትም እዚያ ወድቋል።»

«የአክስቴ ሠርግ እኔ ልወለድ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ምንጩ ስሙን ያገኘው ከዚያ በፊት ነው።»

«ድሮ ነው ያልኩት። ለአንቺ ድሮ አይደለም?»

«ሰባት ቀን ቀይ ፈሰሰ የሚለውስ?»

«እሱን እኔ አላልኩም» አሉ ሀጂ ከሊል ቆፍጠን ብለው። «እኔ አልዋሽም። እሱን ጨምረውበት ነው።»

እስከዚያ ድረስ የፈራችው ስማቸውን በጽሑፍ ማንሳቱን ነበር። አባቴን ውሸታም ላስብል ነው ብላ መንገዱን ሙሉ ስትጨነቅ ነው የመጣችው። ፈራ ተባ እያለች ስትነግራቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ጻፊ። ሀጂ ከሊል በይ። ሀጂ የሚለውን እንዳትረሺ፤ መጽሔቱ ሽማግሌ ብቻ ብሎ ነው ያለፈኝ።»

ጽሑፉን እንደገና ጻፈችው። ሌዊ አንብቦ ደነገጠ። «ሩዋይዳ፣ አምስት ምንጭ ነበረን፤ አሁን ያለን አንድ አባት ብቻ ነው። ልንወድቅ ነው።»

ልክ ነበር። መምህር ነህምያ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ «ሥራው ግሩም ነው፤ የኮርሱ ሕግ ግን አምስት ነው» አለ። ሩዋይዳ ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ።

«መምህር፣ አምስት አመጣሁ፤ አንድ ናቸው አሉኝ። አንድ መሆናቸውን አረጋግጬ መጣሁ፤ አምስት አምጪ ይሉኛል። አባቴን አምስት ቦታ ከፋፍዬ ላምጣ? ከፈለጉ አክስቴ አለች፤ ስለ ሻሹ እሷን ይጠይቋት።»

መምህሩ ጽሑፉን መለሰላት። «ልክ ነሽ፤ ቁጥሩን እተወዋለሁ። ግን አክስትሽን ለምን አልጠየቅሽም?»

ይኼ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

አክስቷ ዙሀራ አሰላ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከሱቁ በእግር የሚደረስ ቦታ። ጥያቄውን ስትሰማ ሳቀች። «ሻሼማ ወድቋል፤ አማቴም ተቆጥታኛለች። ግን ቀይ አልነበረም። አረንጓዴ ነበር። አባትሽ ቀለም መች ያውቃል?»

ሩዋይዳ ያንንም ጻፈችና አስረከበች። ቢ ፕላስ አገኘች። ሌዊም ቢ ፕላስ አገኘ፤ «አላልኩሽም ችግር የለም?» ብሎ ላከላት።

ጽሑፉን ለድረ ገጹ ባለቤትም ልካለት ነበር፤ እንዲያርመው። አረመው። አሁን ገጹ ላይ የሙሽራዋ ሻሽ አረንጓዴ ነው፤ ምንጩ ግን እስከ ዛሬ ሰባት ቀን ቀልቶ ይፈሳል። ሩዋይዳ ልትደውልለት ስልኳን አነሳች። ከዚያ አንዲት ደንበኛ ገብታ የመጋረጃ ጨርቅ ስትጠይቃት አስቀመጠችውና ሜትሯን ይዛ ተነሳች።