የሙአዚኑ ጉሮሮ

ቀጭኑ ቱቦ በአፍንጫው ገብቶ ወደ ጉሮሮው ሲወርድ ሙሀመድሰዒድ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

«አይዋጡ፤ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አለችው ዶክተር ብዙወርቅ። «አሁን ቴሌቪዥኑን ይዩ። ነጫጮቹ የድምፅዎ አውታሮች ናቸው። እስቲ ‹ኢ› ይበሉ።»

ሞከረ። ከአፉ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሁለቱ ነጫጮች ግን ሊገናኙ ተሯሩጠው መሃል ላይ ቀሩ። የግራው ጠርዝ አይጥ እንደበላው ጨርቅ ተቦጫጭቋል።

አቃቂ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አዛን አሰምቷል። መብራት በፈረቃ በሆነበት በዚህ ዓመት እንኳ ድምፅ ማጉያው ሲጠፋ በባዶ ጉሮሮው ነበር የሚጣራው። ድምፁ ከሰለለ አራት ወሩ ነው፤ ያም ሆኖ አዛኑን ለሌላ ሰው አልሰጠም። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ ዝንጅብል አዘዘ፣ ሌላው ጤና አዳም። ባለቤቱ ኡምሀኒ ደግሞ «እንጥልህ ወርዶ ነው» ብላ ለቅዳሜ እንጥል ቆራጭ ቀጥራለታለች።

ያ ሁሉ ድምፅ ከጥፍር ከማይበልጡ ሁለት ነገሮች ነው የወጣው? ሱብሃነላህ! ፈርቷል፤ ከፍርሃቱ ግን መደነቁ ባሰ።

ቱቦው ሲወጣ ኡምሀኒ ቀደመች። «እንጥሉ ነው አይደል፣ ዶክተር?»

«እንጥላቸው ምን አደረገ? ጤነኛ ነው። የአክታቸው ውጤትም መጥቷል። ቲቢ ነው፤ ከሳንባቸው ወጥቶ ማንቁርታቸውን አቁስሏል። አንቺም መመርመር አለብሽ።»

«እኔ ደግሞ ላስቆርጠው ነበር!» ኡምሀኒ አፏን ያዘች።

«አዛኔስ?» አለ በሹክሹክታ።

«መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናሉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ግን ማንሾካሾክም የለም። አሁን ከጮሁ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል።»

መስጊድ ሲደርሱ የከሰዓት በኋላው፣ የአስር ሶላት ሰዓት ሆኖ ነበር። ምክትሉ ሙህዲን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሙሀመድሰዒድ ድምፁ ቀጭን ነው ብሎ አንድም ቀን አዛን እንዲያሰማ ፈቅዶለት አያውቅም።

«ይግቡ እንጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ» አለው ሙህዲን።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢጣራስ? ሰው ሙሀመድሰዒድ አለቀለት ከሚል? እግሩ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ከሐኪም ቤት የተሰጠውን የአፍ መሸፈኛ አጠበቀ፤ በእጁም ለሙህዲን «አንተ ግባ» የሚል ምልክት ሰጠው።

ሙህዲን ማመን እያቃተው ገባ። ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ተአምር አጠገቡ እየኖረ አንድም ቀን ጆሮ አለመስጠቱ ሙሀመድሰዒድን ገረመው። ከሰው ራቅ ብሎ ግቢው ጥግ ቆመና እያንዳንዱን ቃል ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በልቡ ተከተለ።