በመስኮት የሚታይ ድንኳን

1.

«ድንኳኑን ልጭን ነው የመጣሁት። ትናንት በስልክ ተስማምተን የለ?»

«ከማን ጋር?»

«ካንቺ ጋር ነዋ። ዘርፌ አይደለሽም?»

«መንበረ ነኝ።»

«እኔስ የመንበረን ድንኳን አይደል የፈለግኩት? ጉግል ላይ ስምሽን ጻፍኩ፣ ገጹ ወጣ፣ ደወልኩ፣ ዘርፌ ነኝ ካለችኝ ጋር ተስማማን።»

«ተስማማችሁ እንጂ እኔ የት አለሁበት!»

ሰውየው የመጣበት አይሱዙ መኪና ባዶውን ዞሮ ወደ ዘርፌ መጋዘን ወረደ።

2.

ዘርፌ የመንበረ ባል እህት ናት። ደሴ ላይ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አብረው ያከራዩ ነበር። ከዚያ ተጣሉ። ለምን እንደተጣሉ አትጠይቁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ በትክክል የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም።

ያካፈሏቸው የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ይመር ናቸው። ጋሽ ይመር ሲያካፍሉ ቀልድ የለም፤ የድንኳኑን ገመድ እንኳ ለክተው ከመሀል ቆርጠዋል። የቀረው የኢንተርኔቱ ገጽ ነበር። እሱ ደግሞ በቢላ አይቆረጥም።

ፈረዱ፦ «ጽሑፉም ፎቶውም እዚያው ዘርፌ ጋ ይቀመጥ። መንበረም የራሷን ገጽ ትክፈትና በዚያ በኩል ይታይላት። አንድ ጽሑፍ ለሁለት ቤት።»

ሽማግሌው መረቁ። ኮምፒውተር ቤት ያለው ሙሄ እንደተባለው ሠራ።

3.

የመንበረ ገጽ ይህን ይመስላል፦

የመንበረ ድንኳን ኪራይ (ስልኳ ከጎኑ)

┌─────────────────┐

(እዚህ የሚታየው ዘርፌ ጋ ነው ያለው)

└─────────────────┘

አንባቢ ሆይ፣ ሳጥኑ ባዶ መሰለህ? መንበረ ስትከፍተው ግን ሙሉ ነበር፤ ነጩ ድንኳን፣ ባለ ዘርፉ ድንኳን፣ ሁሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ እያየች ደስ ሲላት ኖረች።

4.

ሙሄ ሱቅ።

መንበረ፦ ስሜን የሚጽፍ ሁሉ ዘርፌ ጋ የሚደርሰው ጉግል ቀጥቶኝ ነው እንዴ?

ሙሄ፦ ኧረ እትዬ፣ ማንም አልቀጣሽም። ባዶ ስለሆንሽ ነው።

መንበረ፦ አፍህን!

ሙሄ፦ ገጽሽን ነው ያልኩት። ገጽሽ ላይ ያለው ሳጥን ፍሬም ይባላል፤ መስኮት ማለት ነው። በመስኮትሽ የዘርፌ ጓሮ ይታያል። ጉግል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጓሮውን የሚቆጥረው ለባለ ጓሮው ነው።

መንበረ፦ ለእኔስ?

ሙሄ፦ መስኮቱን።

መንበረ፦ መስኮት ማን ይከራያል!

ሙሄ፦ የድሮው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ስምሽ አለ። ሰው አንቺን ሲፈልግ በቀጥታ እሷ ቤት ይገባል። ስልክሽ ያለው ከፍሬሙ ውጭ ስለሆነ አብሮ አይሄድም።

መንበረ፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ ዝም?

ሙሄ፦ ሽማግሌ የፈረደውን እኔ ልሽረው?

5.

ሙሄ ያዘዘው፦

ፍሬሙን አውጪው። ስለ ድንኳንሽ በራስሽ ቃል ጻፊ። የራስሽን ፎቶ አንሺ። ከዘርፌ አትቅጂ፤ የተገለበጠ ጽሑፍም ብዙ አይረዳሽም።

ሙሄ ያላዘዘው፣ ደሴ ያዘዘችው፦

መጀመሪያ ጋሽ ይመርን አስፈቅጂ።

6.

ጥር።

የሰርግ ወር ነው። መንበረ ለባሏ ቁርጡን ነግራዋለች፤ ይህ ጥር እንዲሁ ካለፈ ድንኳኖቹን ትሸጣለች። እሱም የእህቱን ስም ላለማንሳት ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አመሸ።

ወረቀት አውጥታ «ድንኳኖቼ» ብላ ጻፈች።

ድንኳኖቼ

ድንኳኖቼ

የጋሽ ይመር ፊት መጣባት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች።

7.

ጋሽ ይመር በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ግቢው ሲጠረግ ያያሉ። መንበረ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አይሱዙውን፣ መስኮቱን፣ ጓሮውን።

«እና ሽምግልናውን ላፍርስ ነው የምትዪው?»

«እንዳላፈርሰው ብዬ አይደል ላስፈቅድ የመጣሁት። የራሴን ልጻፍ ነው ያልኩት።»

«እኔ እኮ እኩል ነው ያካፈልኩ።»

«እርስዎስ እኩል አካፍለዋል። ጉግል ላይ ግን ሽማግሌ አልተቀመጠም።»

ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። ሳሉ። ደግሞ ሳሉ።

«ምን ሆኑ?»

«ለልጅቷ ሰርግ... ድንኳኑን ካንቺ ልውሰድ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው! ልጆቹን በስልካቸው ስምሽን ጽፈው ይደውሉልሽ አልኳቸው።»

«እሺ?»

«ዘርፌ አነሣችው። እምቢ ማለት አፈርኩ። ቀብድ ተከፍሏል።»

መንበረ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች።

«ቆይ እንጂ፣ መንበረ! ለሰርጉ ግን አትቀሪም አይደል?»

«ምን ያስመጣኛል፣ ጋሽ ይመር? በመስኮቴ አየው የለ።»