ሴቶቹ የታሉ?

ልደታ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎችን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለማበረታታት ዝግጅት አሰናዳ። የአስራ አንደኛ ክፍሏ ርግኣት ራሷ የሠራችውን መሣሪያ ለእንግዶች ልታሳይ ነበር። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ውሃ በመጣ ቁጥር ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ከጎረቤት ጋር ጭቅጭቅ ነው። እሷም ሮቶው ሲሞላ የሚጮህና ፓምፑን የሚያጠፋ ነገር ሠራች።

የፊዚክስ መምህርቷ ደላዊት ጠዋት አዳራሹ ስትደርስ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ከኋላው የቆመው ግን ሰመረ የሚባል የርግኣት ክፍል ልጅ ነው።

"ርግኣትስ?"

"በር ላይ እንግዳ እየተቀበለች ነው፣ ቲቸር። እኔ እንዳስረዳ ተነገረኝ።"

እውነትም ሴቶቹ የሀገር ልብስ ለብሰው በር ላይ ተደርድረዋል። አበባና የታሸገ ውሃ ያድላሉ። ደላዊት ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈቃደ ዘንድ ሄደች።

"የሠራችው እኮ እሷ ናት!"

"አውቃለሁ። ግን እንግዳ ወንድ ልጅ ይቀበላል እንዴ? ደግሞ የሰመረ ድምፅ ጎላ ይላል።"

ደላዊት ሄዳ ተቀመጠች። ንግግሩ ተጀመረ። አንዱ ወንድ ሲወርድ ሌላው ይወጣል።

"ሴት ልጆቻችንን ወደፊት ማምጣት አለብን!" አለ አንዱ ተናጋሪ።

ይሄኔ የደላዊት ትዕግሥት አለቀ። ብድግ አለች።

"ይቅርታ፣ ሴቶቹ የታሉ?"

ተናጋሪው አዳራሹን ቃኘ።

"በር ላይ ውሃ እያደሉ ነው" አለች። "ወደፊት ማምጣቱን ለምን ከነሱ አንጀምርም?"

ጥቂት ሰው ሳቀ። አቶ ፈቃደ በዓይናቸው ሊውጧት ደረሱ። እሷ ግን መልስ ሳትጠብቅ ወጥታ ርግኣትን ይዛ ገባች።

"ተመስገን!" አለ ሰመረ ቦታውን እየለቀቀ። "ምን እንደምል ጨንቆኝ ነበር።"

ርግኣት ለእንግዶቹ አስረዳች። በሮቶ ፋንታ የቀረበው ባልዲ ሲሞላ መሣሪያው ዝም አለ። አንድ እንግዳ ሰዓቱን አየ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንዲት ሽቦ ስታጠብቅ ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው፤ ፓምፑም ቆመ። ምሳ ተብሎ እንግዶቹ ሲወጡ የዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ጠረጴዛውን ከበው ቀሩ።

"መሙላቱን በምን ያውቃል?" አለች አንዷ።

አቶ ፈቃደ ደላዊትን ወደ ጎን ጠሯት። ቁጣ ነበር የጠበቀችው።

"ለከርሞ ሴቶቹ ናቸው የሚያቀርቡት" አሉ። "አንድ ዓይነት ቀሚስ እናሰፋላቸዋለን!"

"ኧረ በማርያም፣ አቶ ፈቃደ! ቀሚሱ ይቅርብንና ተቆልፎ የሚውለውን ላብራቶሪ ይክፈቱልን።"

ያም ሌላ ጭቅጭቅ አስከተለ። በስተመጨረሻ ግን ተከፈተላቸው።