አራት ቁጥር ቁልፍ

በምርምር ጣቢያው የጨረር ማሽኑን የሚቆጣጠረው ሰውዬ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ጋሽ ቆይ ይለዋል። ስሙን ያመጣበት የገዛ አፉ ነው። በር ሊከፍት የሄደ፣ ሽቦ ያነሳ፣ ማብሪያ ሊነካ እጁን የዘረጋ ሁሉ ከኋላው "ቆይ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። በጋብቻቸው ቀን እንኳ ሚስቱ ልትፈርም ብዕሯን ስታነሳ "ቆይ" ብሎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና አንብቧል። እሷ ይህን ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ እሱ ደግሞ ምኑ እንደሚያስቅ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ሚስቱ ኬሚስት ነበረች። የተገናኙትም እዚሁ ማሽን አጠገብ ነው። ሥራቸው ሲናገሩት ቀላል ነው። ከሰል ሲነድ ከጭሱ ጋር ድኝ ይወጣል፤ ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ማለት ነው። ጭሱ ላይ ትንሽ አሞኒያ ረጭተው በጨረሩ ውስጥ ሲያሳልፉት ድኙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ዱቄቱ ማዳበሪያ ነው። ሲሠሩት ግን ዕድሜ ይበላል፤ የእሷንም በልቷል።

"ድኝ ምን አጠፋ?" ትል ነበር። "መንገድ ጠፍቶበት ሳንባችን ውስጥ ገባ እንጂ፣ አፈር ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንመርቀው ነበር።"

የመጀመሪያውን እፍኝ ዱቄት ቤት ወስዳ በረንዳው ላይ ባሉት የቲማቲም ማሰሮዎች በተነችው። ያፈራችውን አንዲት ቲማቲም ከልጃቸው ጋር ለሦስት ተካፍለው በሉ። ጋሽ ቆይ ቲማቲም ጨርሶ አይወድም፤ የዚያን ቀን ግን ጣቱን ላሰ።

ማሽኑ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳው ወፍራም አርማታ ነው። ጨረሩ በርቶ ሳለ እዚያ ውስጥ ሰው መገኘት የለበትም፤ ቀልድ የለም። ስለዚህ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የቁልፎች ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መንጠቆ፣ የራሱ ቁጥር ያለው ቁልፍ አለው። ወደ ውስጥ የሚገባ ቁልፉን ይዞ ይገባል። ቁልፉ ከመንጠቆው ከተነሳ ከላዩ ቀይ መብራት ይበራል፤ ከመብራቱ ሥር "ሰው ውስጥ አለ" የሚል ተጽፏል። አንድ ቁልፍ እንኳ ከጎደለ ማሽኑ አልነሳም ይላል። የወጣ ሰው ቁልፉን ሰቅሎ ጮክ ብሎ "ወጣሁ" ማለት አለበት። ለሌላ ሰው ቁልፍ መስቀል ክልክል ነው፤ ለአለቃም ቢሆን፣ ለሚስትም ቢሆን። ደንቡን ያወጣው ራሱ ጋሽ ቆይ ነው፤ ይኮራበታል።

በዚህም አይበቃውም። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ገብቶ ቱቦዎቹን በየጀርባቸው እያየ ሦስት ጊዜ "ሰው አለ?" ብሎ ይጣራል። ሦስተኛውን ሲጣራ ሚስቱ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ፣ ብስኩት በአፏ እንደሞላ፣ "የለም!" ትላለች። እሱ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል።

"የለም የሚል ሰው ካለ፣ ሰው አለ ማለት ነው! እንደገና!"

እንደገና ገብቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እሷ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ማታ እራት ላይ ለልጃቸው እሱን እየመሰለች ታወራላታለች፤ እሱ ሳህኑን እያየ በልቡ ደስ ይለዋል። አንድም ቀን ግን ደስ እንደሚለው አልነገራትም። አሁን የሚቆጨው ይህ ነው።

ከወራት በፊት ኬሚስቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ቱቦ ስትቀይር የቆየ የልብ ሕመሟ ተነሳባት። ደግፈው አወጧት፣ በመኪና ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። በዚያው ሳምንት የማሽኑ አፍ ላይ ያለው ስስ ብረት ተቀደደ፤ መለዋወጫው እስኪመጣ ማሽኑ ቆመ። ሆስፒታሉ የሰጠውን የልብስ ፌስታል ሲፈታ ጋሽ ቆይ ጋዋኗን አገኘ። በጋዋኑ ኪስ ውስጥ አራት ቁጥር ቁልፍ ነበር።

በማግስቱ ሊሰቅለው ይዞት ሄደ። እጁን ወደ መንጠቆው አነሳ። ያኔ ነው ቀዩን መብራት ያየው። ሰው ውስጥ አለ፣ ይላል። እጁን መልሶ ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሻዩን ይዞ ወንበሩን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ይቀመጣል። አእምሮው አልተነካም፤ የቀበራትም ራሱ ነው። ግን ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ፣ የአልጋው ግማሽ፣ ዝም ያለው ወጥ ቤት፣ ሁሉም የለችም ብለውታል። አለች የሚለው ያ መብራት ብቻ ነበር። ማሽኑ ስለቆመ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

መለዋወጫው መጣና ማሽኑ ተጠገነ። የሙከራው ቀንም ደረሰ። የትልቁ የከሰል ኃይል ማመንጫ ሥራ አስኪያጅ ከሁለት መሐንዲሶች ጋር መጣ። የጣቢያው ኃላፊ ለሠራተኞቿ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነግራቸዋለች፤ ዛሬ ጭሱ ሲጸዳ ካላየ ሥራ አስኪያጁ ጭሱን በኖራ ውኃ የሚያጥበውን ዘዴ ይገዛል፣ የኬሚስቷ ሥራም ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ልጃቸው ከምትሠራበት ፋርማሲ ፈቃድ ወስዳ መጥታ፣ በእናቷ ቦታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የጋሽ ቆይን ጥሪ ሳይጠብቅ ማስነሻውን ተጫነ። ማሽኑ ዝም። ለጥድፊያው ችኩሌ ነው የሚሉት፤ ሰሌዳውን አይቶ ወዲያው ገባው።

"የእትዬ ቁልፍ ነው የጎደለው። ያኔ ሆስፒታል ጠፍቶ ይሆናል። ጋሼ፣ ሁለት ሽቦ ላገናኘውና ይነሳ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።"

ኃላፊዋ ጋሽ ቆይን አየችው። "ቆይ" ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ።

"ላገናኘው?" አለ ችኩሌ፣ መፍቻውን ከኪሱ እያወጣ።

ጋሽ ቆይ ልቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ዝም ቢል ችኩሌ ሽቦውን ያገናኛል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ሥራዋ ይተርፋል፤ ቀዩ መብራትም እንደበራ ይቀራል። ማንም አያውቅበትም። ግን ከዛሬ በኋላ መብራቱ ቢበራም ባይበራም ማን ያምነዋል? ነገ ይሄው ችኩሌ ራሱ ውስጥ እያለ ሌላ ችኩል ሽቦ ቢያገናኝስ? እሷ ይህን ብታይ ብስኩቷን ጥላ ትጮህ ነበር።

"ቆይ" አለ በመጨረሻ። "ቁልፉ አልጠፋም። እኔ ጋ ነው።"

ከደረት ኪሱ አወጣው። ችኩሌ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። 

"አውቅ ነበር" አለች ልጁ ከጥጉ፣ ቀስ ብላ። "ኮትህን ሳጥብ አገኘሁት። አድርቄ መልሼ ከተትኩልህ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አባዬ፣ አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

 ጋሽ ቆይ ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ፣ የራሱንም ከመንጠቆው አንስቶ ወደ ወፍራሙ በር ሄደ። "መጀመሪያ ላረጋግጥ" አለ። ሥራ አስኪያጁ ሊቃወም ነበር፤ ኃላፊዋ በእጇ ዝም አሰኘችው።

ክፍሉ ውስጥ የአዲስ ቀለም ሽታ ነበር። ጋሽ ቆይ ቱቦዎቹን በየጀርባቸው አየ። እሷ ተንበርክካ የነበረችበትን ቦታ አየ፤ ወለሉ ተጠርጓል።

"ሰው አለ?" አለ። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ።

"ሰው አለ?" አለ ደግሞ። ቱቦውን ያዝ አደረገ። አሁን ብትወጣ፣ ከየትም ብትወጣ፣ ማሽኑ ዕድሜ ልኩን ቢቆምም ግድ አልነበረውም።

"ሰው አለ?"

"የለም!"

ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው የመጣው። የልጁ ድምፅ ነው፤ ግን አጠራሩ፣ መጨረሻውን ሳብ ማድረጉ፣ ቁርጥ የእናቷ። ጋሽ ቆይ በሩ ላይ ብቅ አለ። ልጁ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይለይም። ችኩሌ እትዬ እንዲህ ስትል ስንቴ ሰምቷል።



"የለም የሚል ሰው ካለ" አለ ጋሽ ቆይ፣ "ሰው አለ ማለት ነው። እንደገና።"

እውነትም እንደገና ገባ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቱቦዎቹን አየ፣ ሦስቴ ተጣራ፣ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ደንቡ ከሚለው በላይ ጠበቀ። በዚህኛው ዙር የመለሰለት የለም።

ወጥቶ በሩን ዘጋ፤ የራሱን ቁልፍ ሰቅሎ "ወጣሁ" አለ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ አራት ቁጥር ቁልፍን መንጠቆው ላይ ሰቀለው። በዚህ ክፍል በሌላ ሰው ፈንታ ተናግሮ የማያውቀውን፣ ማንም እንዳይናገር የከለከለውን፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ።

"ወጣች።"

ቀዩ መብራት ጠፋ። ችኩሌ ሳይጣደፍ ማስነሻውን ተጫነ፤ ማሽኑ አጉረመረመ። የድኙ መለኪያ መውረድ ጀመረ፣ ወረደ፣ ወርዶ ከታች ቆመ። ሥራ አስኪያጁ መለኪያውን አላመነም፤ ራሱ ውጭ ወጥቶ የጭስ መውጫው ሥር እንደ ውሻ አሸተተና አፍንጫውን እያሻሸ ተመለሰ። ከዚያ ኃላፊዋን ወንበር ጠየቃትና ስለ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ጋሽ ቆይ ያንን አልሰማም። ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ነጭ ዱቄት በማንኪያ እየዛቀ ፌስታል ውስጥ ይጨምር ነበር።

አመሻሽ ላይ በረንዳቸው ላይ ሆኖ ማሰሮዎቹ ውስጥ በተነው። እሷ ከሄደች ወዲህ ውኃ ያጠጣቸው የለም፤ ግንዶቹ ቀጥነው ደርቀዋል። ልጁ ጣሳውን ይዛ ከኋላው ቆመች።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ሞቷል" አለችው።

ጣሳውን ተቀብሏት ከሥሩ ዙሪያ ቀስ እያለ አፈሰሰ።

"ቆይ" አላት።